አሮጌ ጣውላ ለቤት ወለል፦ የአድማጮች ጥያቄና የአናጺው መልስ

«ከፈረሰ ቤት የወጣ ጣውላ ለሳሎኔ ወለል ልገዛ አስቤአለሁ። የትኛው እንጨት ይሻለኛል?» (ከደሴ)

ጥድ ካገኙ አይለፉት። ቀላ ያለ፣ ሲላግ ሽታው ቤቱን የሚያውድ፣ ምስጥም በቀላሉ የማይደፍረው እንጨት ነው። ዋንዛም ጥሩ ነው። ዝግባ ለመላግ የተመቸ ቢሆንም እርጥበትንና ምስጥን ስለማይችል ከመሬት ከፍ ላለ ደረቅ ወለል ብቻ ይሁን። ባሕር ዛፍን ብዙ ሰው የሚንቀው ስለሚጣመም ነው፤ ሆኖም ለዓመታት ቤት ውስጥ የኖረው የሚጣመመውን ያህል ተጣሞ ስለ ጨረሰ፣ ቀጥ ያለውን መርጦ መግዛት ይቻላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣውና በኋላ በሌላ አዋጅ የተተካው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ጥድን፣ ዝግባን፣ ዋንዛንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥን ስለ ከለከለ፣ የእነዚህን እንጨቶች አሮጌ ጣውላ ማግኘት ዕድል ነው። ከሻጩ ደረሰኝ ይቀበሉ። ከሁሉ በፊት ግን ምስማሩ ይነቀል! ጣውላውን በማግኔት ሳትፈትሹ ወደ መላጊያ ማሽን አታስገቡ፤ ውስጡ የተሰበረ አንድ ምስማር የማሽኑን ምላጭ ሰብሮ ወደ ሠራተኛው ፊት ሊወረውረው ይችላል።

«ጣውላው ላይ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ ቀዳዳዎች አሉ። ልተወው?» (ከሐይቅ)

ጣውላውን ጥቁር ጨርቅ ላይ አጋድመው ሁለት ሳምንት ይጠብቁ። ጨርቁ ላይ ዱቄት ከረገፈ እንጨቱን የሚበላው ነፍሳት፣ ብል፣ በሕይወት አለ፤ ወደ ቤት አያስገቡት። ዱቄት ከሌለና የቀዳዳዎቹ ውስጥ ከጠቆረ የድሮ ጉዳት ሊሆን ይችላል። ያም ቢሆን ጫፉን በወስፌ ወጋ ያድርጉት፤ ወስፌው ያለ ችግር ከገባ እንጨቱ ውስጡ አልቋል ማለት ነው።

«ደሴ ገዝቼ ያስነጠፍሁት ጣውላ በሦስት ወሩ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ፈጠረ። አናጺውን ልክሰሰው?» (ከኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ ከክሱ በፊት እንጨቱ አርፎ እንደ ነበር ይጠይቁ። ኮምቦልቻ ከደሴ ከ500 ሜትር በላይ ዝቅ ያለችና የሞቀች ናት፤ የደጋውን እርጥበት ይዞ የወረደ እንጨት እዚያ ሲደርስ ይኮማተራል። በበልግ ወይም በክረምት የተገዛ ከሆነማ ይብሳል። ጣውላው በሚነጠፍበት ክፍል ውስጥ፣ በየመደዳው መካከል ቀጭን እንጨት እየተደረገ፣ አየር እያገኘ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይረፍ። ሲነጠፍም በግድግዳው ዙሪያ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተውለት፤ እንጨት በዝናብ ወራት ያብጣል።

«ለምስጥ ብዬ ወለሉን የተቃጠለ ዘይት በናፍጣ አቅጥኜ ልቀባው ነው። ስንት ጊዜ ልቀባ?» (ከወረኢሉ)

አንድም ጊዜ አይቀቡት፣ እናቴ። ይህን ጥያቄ ስለምሰማው ብዛት ብናገር አታምኑኝም፤ ስለዚህ ዛሬ ሁላችሁም ታገሡኝ። ከመኪና ሞተር የወጣ ዘይት ውስጥ ካንሰር አምጪ ውህዶችና የብረታ ብረት ቅሪቶች አሉበት። የአጥር እንጨት ላይ መቀባቱም አፈሩን ይበክላል፤ ቤት ውስጥ ሲሆን ግን ሕፃን የሚድህበትን፣ እንግዳ ጫማውን አውልቆ የሚቀመጥበትን ወለል መመረዝ ነው። ይህ ዘይት አይደርቅም፤ በእግርና በልብስ ወደ ፍራሽ ይሄዳል፣ በኋላ የሚቀባውንም ቫርኒሽ አያስይዝም። እኛ ደግሞ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪወርድ ከሰል ወለሉ አጠገብ የምናነድ ሰዎች ነን፤ ናፍጣ በጠጣ ጣውላ ላይ ፍም ቢወድቅ ምን እንደሚከተል አስቡት። ለዚህ ሁሉ አደጋ የሚገኘው ጥቅምም ትንሽ ነው፤ ዘይቱ የላይኛውን ገጽ እንጂ ውስጡን ስለማያገኝ ምስጡ ከታች፣ ከአፈሩ በኩል፣ መንገዱን ይቀጥላል። ምስጥ የሚከለከለው ከወለሉ በታች ያለው አፈር ደርቆ፣ አየር መውጫ ተትቶለት፣ ጣውላውን የሚሸከመው ሞራሌ አፈር ሳይነካ ሲቀር ነው። ከዚያ በላይ ካስፈለገ የጸረ-ተባይ ባለሙያ ይጥሩ እንጂ ከገበያ ያገኙትን መድኃኒት ራስዎ አይበጥብጡ። ቀድመው የቀባችሁ ካላችሁ፣ ጣውላውን በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉት፤ አስነሥታችሁ ለውጡት፣ ቁራጩንም ምጣድ ሥር አታንድዱት። ማስዋብ ከፈለጋችሁ ቀለም መሸጫ የሚገኘውን የእንጨት ሰም ወይም የተልባ ዘይት ቀቡ፤ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ፣ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁ፤ የተጨበጠው በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል።

«የመብራት ምሰሶ ተሰንጥቆ ለወለል ይሆናል?» (ከመርሳ)

አይሆንም። ምሰሶው እንዳይበሰብስ የሚነከርበት መድኃኒት መርዝ ነው፤ ለማገዶም አይሁን።

«ስንራመድበት ይንቋቋል።» (ከደሴ)

ምስማሩ ላልቷል። ነቅለው በብሎን ያጥብቁት።

«በፎቁ ወለል ላይ አሮጌ ወፍራም ጣውላ ልደርብበት ነው። አሁንም ስንሄድ መሐሉ ዝቅ ይላል፤ ጣውላው ያጠነክረዋል?» (ከወልዲያ)

ክብደት ይጨምርበታል እንጂ አያጠነክረውም። ዝቅ የሚለው ተሸካሚው ሲደክም ነው፤ እሱን ደግሞ እኔ በስልክ ልመረምረው አልችልም። መሐንዲስ መጥቶ ከሥር ሳያየው ጣውላውን አይጫኑበት፤ እስከዚያም ከባድ ዕቃ ከመሐሉ ወደ ግድግዳው ዳር ያሽሹ።