ውሻን ያለ ዱላ ማሰልጠን፦ «እሰይ!» የሚባለው መቼ ነው?

ሰላም ተመልካቾቼ! ዛሬ ውሻ እናሰለጥናለን። ዱላውን ወደ ጓዳ መልሱት። ሥጋ ግን ያስፈልገናል፤ ትንሽ ሥጋ፣ ሽምብራ የምታክል።

ነገሩ ሁሉ ጊዜን መጠበቅ ነው። ደግሜ እላለሁ፦ ጊዜን መጠበቅ! ታክሲ ተሳፍራችኋል እንበል። «ወራጅ አለ!» የምትሉት መቼ ነው? ሰፈራችሁ ስትደርሱ አይደለም? ሁለት መታጠፊያ ካለፋችሁ በኋላ ብትጮኹ ሾፌሩ እዚያው ያወርዳችኋል፤ በፀሐይ ወደ ኋላ መመለስ ነው። ረዳቱም ይገላምጣችኋል፤ እውነቱን ነው! በሰዓቱ ካላችሁ ግን መኪናው ጥቂት አልፎ ቢቆምም ግድ የለም፤ የት መውረድ እንደፈለጋችሁ ታውቋል። ለውሻው «እሰይ!» ማለት እንደዚሁ ነው። መቀመጥን ስታስተምሩት፣ መቀመጫው መሬት በነካበት ቅጽበት ካላችሁ፣ ሥጋው ከኪሳችሁ እስኪወጣ ጥቂት ቢዘገይም ለምን እንደተሸለመ ያውቃል። ተነሥቶ ከዘለለባችሁ በኋላ ካላችሁ ግን ያስተማራችሁት መዝለልን ነው!

አሠራሩ አጭር ነው። «እሰይ» ብላችሁ ወዲያው ሥጋ ስጡት፤ ደጋግሙት። ከዚያ ሥጋውን ከአፍንጫው በላይ ይዛችሁ ወደ ኋላው ውሰዱት፤ ቀና ሲል ይቀመጣል። «እሰይ!» ሥጋ። ሲለምድ «ተቀመጥ» የሚለውን ጨምሩ፤ በኋላም ሥጋውን አንዴ ስጡ፣ አንዴ ተዉ። አለቀ። ቻናላችንን ያልተቀላቀላችሁ ካላችሁ አሁን ተቀላቀሉ፤ እኔም «እሰይ» እላችኋለሁ።

በአውሮፓውያኑ 1960ዎቹ አሜሪካዊቷ የእንስሳት አሰልጣኝ ካረን ፕራየር ሃዋይ ውስጥ ዶልፊኖችን በፉጨትና በዓሣ ታሰለጥን ነበር። ዶልፊንን በአለንጋ ብታስፈራሩት ጠልቆ ይሄዳል! የእኛ ውሻ ግን ታስሯል፤ የት ይሂድ? ዱላ የሚሠራ የሚመስለን ለዚህ ነው።

አሁን ብዙዎቻችሁ ወደምትጽፉልኝ ነገር፦ «ከእጅ ሥጋ የለመደን ውሻ ሌባ በሥጋ ያታልለዋል።» ኧረ ተዉ! ቀኑን ሙሉ ታስሮ፣ ጾሙን ውሎ የሚያድረው ውሻ ነው ወይስ ጠግቦ የሚያድረው ለሌባ ሥጋ የሚጓጓው? ደግሞስ ሥጋን እንቢ ማለትም በሥጋ ይሰለጥናል። ወዳጃችሁ ሥጋ በጭብጡ ይዞ ይቅረብለት። ያሽትት፣ ይላሰው፤ ጭብጡ አይከፈት። ፊቱን ሲያዞር «እሰይ!» ብላችሁ ከዚያ የሚበልጥ ቁራጭ ከእናንተ እጅ ስጡት። ሰው እየቀያየራችሁ ደጋግሙ፤ በአንድ ጎረቤት ብቻ ካለማመዳችሁት እንቢ የሚለው ያንን ጎረቤት ብቻ ነው።