በአስፕሪን ካርቶን ላይ ያለችው ጽሑፍ

ሰላም፦ ዮናስ፣ ይህን የአስፕሪን ካርቶን ከቤት ይዤው መጣሁ። እስቲ ጎኑ ላይ ያለውን አንብብልኝ።

ዮናስ፦ ፊደሉ ደቃቅ ነው... ሬይስ ሲንድሮም ይላል። ልጆች እንደ ኢንፍሉዌንዛ ባለ ሕመም ተይዘው ወይም እያገገሙ ሳሉ ይህን መድኃኒት መውሰድ የለባቸውም ነው የሚለው።

ሰላም፦ እኔ ያደግሁት ባተኮሰኝ ቁጥር እናቴ አስፕሮ በሻይ እያዋጠችኝ ነው። ያን ጊዜ ይህን የነገራት ሰው አልነበረም። አሜሪካ ውስጥም ቢሆን ይህች ጽሑፍ ካርቶን ላይ እንድትወጣ ዓመታት የፈጀ ሙግት አስፈልጓል።

ዮናስ፦ ማን ከማን ጋር?

ሰላም፦ ፐብሊክ ሲቲዝን የሚባል ለትርፍ ያልቆመ የሸማቾች ተሟጋች ድርጅት ከመንግሥት ጋር። ራልፍ ናደር በ1971 ዋሽንግተን ላይ ያቋቋሙት ነው። ዓመቶቹን የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዮናስ፦ ናደር እነዚያ የመኪና ኩባንያዎችን የተጋፈጡት አይደሉም? ጄኔራል ሞተርስ የግል መርማሪ አሰማርቶባቸው፣ በ1966 የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሴኔት ፊት ቀርበው ይቅርታ ጠይቀዋቸዋል። ኋላም ከሰሱና 425 ሺህ ዶላር ተከፈላቸው።

ሰላም፦ ገንዘቡንም ለዚሁ የሕዝብ ጥብቅና ሥራ አዋሉት። ወደ አስፕሪኑ ልመለስ። ሬይስ ሲንድሮም አንጎልንና ጉበትን የሚጎዳ፣ በልጆች ላይ የሚበረታ ሕመም ነው። በ1980 ተመራማሪዎች ከአስፕሪን ጋር ግንኙነት እንዳለው አሳወቁ። በ1982 የአሜሪካ የጤና ሚኒስቴር ማስጠንቀቂያ በግዴታ እንዲለጠፍ አደርጋለሁ አለ፤ የአስፕሪን አምራቾች ሲጮኹ ደግሞ በዚያው ዓመት ቃሉን አጠፈ።

ዮናስ፦ ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። ሕጉ አለ፣ ሥልጣኑ አለ፣ ጥናቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ የጎደለው ፊርማ ብቻ ነው።

ሰላም፦ የፐብሊክ ሲቲዝን የጤና ክፍል፣ ሐኪም በነበሩት በዶክተር ሲድኒ ዎልፍ ይመራ ነበር። የአሜሪካን የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ያለ ቅጥ ዘገየህ ብለው ከሰሱት። በ1984 የይግባኝ ፍርድ ቤት የመዘግየቱ ጉዳይ በሥር ፍርድ ቤት እንዲመረመር መልሶ ላከው። ማስጠንቀቂያው ግዴታ የሆነው በ1986 ነው።

ዮናስ፦ ግን እስከዚያ ሐኪሞችና ጋዜጦች ሲናገሩ አልነበረም?

ሰላም፦ ነበር፤ ሕመሙም ወሬው እንደተሰማ መቀነስ ጀምሮ ነበር። በ1999 የወጣ ጥናት በዝርዝር አስቀምጦታል፤ ቀዳሚ ጸሐፊው ዶክተር ኤርሚያስ በላይ ናቸው። ስማቸውን ሳይ ደስ አለኝ። በ1980 ገደማ አሜሪካ ውስጥ በአንድ ዓመት 555 ልጆች ታመው ነበር። ከ1987 እስከ 1993 በዓመት ከ36 አልበለጠም፤ ከ1994 እስከ 1997 ደግሞ በዓመት ከ2 አላለፈም። ሁሉም የክሱ ውጤት ነው አልልም። ጋዜጣ የማታነብ፣ ሐኪም ዘንድ የማትሄድ እናት ግን አለች። ልጇ ሌሊት ሲያተኩሰው በእጇ ያለው ካርቶኑ ብቻ ነው።

ዮናስ፦ ይህን ሁሉ የሚያደርጉት በማን ገንዘብ ነው? እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው እሱን ነው።

ሰላም፦ ከኩባንያም ከመንግሥትም አይቀበሉም። ዋናው የአባላት መዋጮና የግለሰቦች ልገሳ ነው። የአንድ መድኃኒት አምራች ስም ለጋሾች ዝርዝር ውስጥ ቢኖር ያን ክስ የሚያቀርቡ ይመስልሃል?

ዮናስ፦ አይመስለኝም። ሥራቸው ግን አድካሚ ነው። መረጃ ስጡን ብሎ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሲከለከሉ መክሰስ፣ ዓመት ቆጥሮ እንደገና መጠየቅ...

ሰላም፦ ሁልጊዜ ግን አራት ዓመት አይፈጅም። በ1971 በጀርም የተበከለ የደም ሥር ግሉኮስ ሆስፒታሎች ውስጥ ሰው ሲገድል፣ ናደርና ዎልፍ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጽፈው በቀናት ውስጥ ከገበያ ተሰብስቧል።

ዮናስ፦ እናትሽ አሁን የልጅ ልጆቿን ትጠብቅ የለም? ይህን ነገርሻት?

ሰላም፦ ትናንት ማታ ካርቶኑን ይዤ ተረጎምኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና፣ «ያን ጊዜ እንዲህ ተብሎ ተጽፎበት ቢሆን በጎረቤት አስነብቤ አልሰጥሽም ነበር» አለችኝ።