ለታክስ ነዋሪ፣ ለትምህርት እንግዳ

እንደምን አመሻችሁ! ወላጆች፣ ተመራቂ ልጆቻችን፣ እንኳን ደስ አላችሁ።

አስተባባሪዎቹ «ስለ ኮሌጅ ክፍያ አምስት ደቂቃ ተናገር» ብለውኛል። ድፎው ከኋላዬ እየሸተተኝ ስለሆነ አላስረዝምም።

የመጣሁት ስለ ድልድዩ ልናገር ነው። ከአሌክሳንድሪያ ሜሪላንድ ስለሚያሻግረው፣ ስለ ዉድሮው ዊልሰን። ስንቶቻችን በቀን ሁለቴ እንሻገረዋለን! ቤታችን ወዲህ፣ ሥራችን ወዲያ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ዲሲ፣ ሥጋ የምንገዛው ሲልቨር ስፕሪንግ። ለኛ ሁሉም አንድ ሰፈር ነው። ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ግን ሦስት አገር ነው።

እኔ ይህን ከየት ልወቀው? ከደብረ ማርቆስ ዓለማያ የተመደብኩ ሰው ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ አውቶቡስ ላይ። አንድ ካርቶን፣ አንድ ብርድ ልብስ፣ እናቴ የቋጠረችልኝ በሶ። ስደርስ ዶርም ሰጡኝ፣ የካፌ መታወቂያ ሰጡኝ፣ አለቀ። ወጪ መጋራት የሚባለው እንኳን ገና አልመጣም። ሽሮው ቀጭን ነበር፤ ግን ለሁላችንም እኩል ቀጭን ነበር። «አንተ የጎጃም ልጅ ነህ፣ ሐረርጌ ለመማር ሦስት እጥፍ ክፈል» ያለኝ የለም።

ወደ ልጄ ልምጣ። ቨርጂኒያ ኪራይ ሲጨምሩብን በሰኔ ሜሪላንድ ገባን። በቀጣዩ ዓመት ትልቋ ልጄ እዚያው ሜሪላንድ አንድ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ተቀበላት። ደብዳቤው ላይ «የ6 ሺ ዶላር ስኮላርሺፕ» ይላል። አማቴ እልል አሉ። ዶሮ ተሠራ፣ ሰው ተጠራ።

ከዚያ ቢሉ መጣ። «አውት ኦፍ ስቴት» ይላል፤ የሌላ ስቴት ልጅ ማለት ነው። የስቴቱ ልጅ ከሚከፍለው ሦስት እጥፍ በላይ! ስኮላርሺፕ ያልነው ከዚህ ላይ የተነሳ ቅናሽ ነው። አንድ ሱቅ ዋጋውን ሰቅሎ «ላንተ ስል ቀነስኩ» እንደሚለው።

ቢሮው ሄድኩ። ልጅቷ ትሁት ነች። የቤት ውሉን አየች፣ የታክሱን ወረቀት አየች፣ መንጃ ፈቃዴን ተቀበለችኝ። ጣቷን የተሰጠበት ቀን ላይ አሳረፈች። ጥር። ከትምህርቱ መጀመሪያ በፊት 12 ወር መሙላት ነበረበት፣ አልሞላም። የቨርጂኒያ መንጃ ፈቃዴንና ታርጋዬን ሰባት ወር ይዤ ቆይቻለሁ። ስንፍናዬን አልክድም፤ የኢንሹራንሱም ነገር ነበረበት።

ግን እስቲ ፍረዱኝ! ባለቤቴ የምትሠራው ሜሪላንድ ነው። ከገባንበት ወር ጀምሮ ስቴቱ ታክሱን ከደመወዟ ቆርጧል። ያኔ መንጃ ፈቃዱ የት ነው ያለ አለ? 12 ወር ይሙላችሁና እንቆርጣለን ያለ አለ? ገንዘባችንን ሲወስዱ ነዋሪ ነን፣ ልጃችን ልትማር ስትል እንግዳ ነን! ሌሊት ሆስፒታላቸውን የምናጸዳው፣ ሽማግሌዎቻቸውን የምንጦር፣ በበረዶ ኡበር የምንነዳው እኛ እንግዳ ከሆንን ነዋሪው ማን ነው?

እሺ፣ ልረጋጋ።

ፔል ግራንት፣ አቅም ላነሰው ተማሪ የሚሰጠው የማይመለስ እርዳታ፣ ፌዴራል ስለሆነ ድልድይ ይሻገራል፤ ጣሪያው በዓመት 7,395 ዶላር ነው። ስቴቱ ለነዋሪዎቹ የሚሰጠው እርዳታ ግን ለአውት ኦፍ ስቴት ልጅ አይደርስም። የቀረውን በፓረንት ፕላስ ሎን፣ ወላጅ ከፌዴራል መንግሥት በሚበደረው ብድር፣ ሞላነው። እሱም ከጁላይ 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ በዓመት 20 ሺ፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው 65 ሺ ዶላር ላይ ይቆማል።

አንዴ እንግዳ ከተባላችሁ እስከ ምረቃ እንግዳ ናችሁ ማለት አይደለም። በ1973 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በኮነቲከት ጉዳይ፣ ተማሪ ነዋሪነቱን የሚያስረዳበት ዕድል ሊነፈግ አይገባም ብሏል። ነዋሪነታችሁ እንዲታይ ለዩኒቨርሲቲው ፔቲሽን አስገቡ። እኛ አስገብተን በሁለተኛው ዓመት ተስተካከለልን። የአንደኛው ዓመት ሎን ግን እስከ ዛሬ አብሮን ይኖራል።

የዲሲ ወላጆች፣ እናንተ ዲሲ ታግ አላችሁ። ኮንግረስ በ1999 ያወጣው ነው፤ ልጃችሁ ሌላ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሲገባ የክፍያውን ልዩነት ይደጉማል። ለብዙ ዓመት ጣሪያው 10 ሺ ዶላር ነበር። እሱም 12 ወር ነዋሪነት ይጠይቃል! የቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲና የቻፕል ሂሉ ኖርዝ ካሮላይና ደግሞ ከሌላ ስቴት ለመጣም ልጅ አቅሙ የጎደለውን እንሸፍናለን ይላሉ። ጭንቁ መግባቱ ነው።

በቃኝ። በዚህ ዓመት ቤት የቀየራችሁ፣ ልጃችሁ አሥረኛም አሥራ አንደኛም ክፍል ቢሆን፣ ከኋላ ቡናው የሚፈላበት ጠረጴዛ ጋ ነኝ። ኪሳችሁ ያለውን መንጃ ፈቃድ አውጡና አሳዩኝ። የቨርጂኒያ ታርጋ ይዞ ሜሪላንድ የሚያድር ካለም አላጋልጥም፤ ሰኞ ጠዋት አብሬው እሄዳለሁ።