ፊርማው የአንድ ሰው፣ ጉዞው የቤተሰብ

እንደምን አመሻችሁ። ብዙዎቻችሁ ከሥራ ቀጥታ ስለመጣችሁ አላንዛዛባችሁም፤ ወደ ነገሬ ልግባ፦ ቤተሰብ ይዞ ለሥራ ውጭ አገር ስለመሄድ።

እንደማየው ጥንዶች ትበዛላችሁ። የአንዳንዶቻችሁ የቅጥር ደብዳቤ ደርሷል፣ ሌሎቻችሁ ገና ማመልከቻ ላይ ናችሁ። ግን ሁላችሁም ቤት አንድ ወረቀት እንዳለ እወራረዳለሁ። በአንድ በኩል የአሁኑ ደመወዝ፣ በሌላ በኩል የውጭው ደመወዝ፣ ከሥር ልዩነቱ፣ እሱም ሁለት ጊዜ ተከቦበታል። እኔም ሠርቼው ነበር። ሦስት ጊዜ ደመርኩት፣ ሦስቱንም ጊዜ ልክ መጣ። ሒሳቡ እንከን አልነበረውም። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ አንድ ጥያቄ ግን ነበር፦ ይሄ ሥራ ቢቀርስ ምን እንሆናለን?

ሄድን፤ ሥራው በ14ኛው ወር ቀረ። አላጠፋሁም፣ ማንም አልተቆጣኝም። ጠዋት ለአጭር ስብሰባ ተጠራን፣ የሥራ ክፍላችን ሊዘጋ መወሰኑ ተነገረን፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ መታወቂያዬን አስረክቤ መንገድ ላይ ቆሜያለሁ። እዚያ ቆሜ መጀመሪያ የመጣብኝ ደመወዙ አልነበረም። የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው። የባለቤቴና የሁለት ልጆቻችን ፈቃድ ከእኔ ጋር የታሰረ ነው። የጤና መድኑ በመሥሪያ ቤቱ በኩል ነው። የቤት ኪራይ ውሉ ገና ሰባት ወር ይቀረዋል። ለካ አራት ሰው ሆነን በአንድ ክር ላይ ተንጠልጥለን ነበር፤ የክሩን ቅጥነት ያየሁት ሲበጠስ ነው።

ሰው በገዛ አገሩ ሥራ ሲያጣ ሥራ ነው ያጣው። በሰው አገር ግን የመቀመጥ መብቱንም አብሮ ሊያጣ ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ለምሳሌ በኤች ዋን ቢ ቪዛ፣ ማለትም አሠሪ በሚያመለክትለት የባለሙያ የሥራ ቪዛ፣ የሚሠራ ሰው ከሥራ ሲሰናበት ቢበዛ 60 ቀን ነው ያለው፤ የቆይታ ፈቃዱ ከዚያ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ደግሞ ያንሳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ወይ ሌላ አሠሪ ማመልከቻ ያስገባለታል፣ ወይ ሌላ ዓይነት ፈቃድ ይጠይቃል፣ ወይ ጓዙን ይጠቀልላል። 60 ቀን ሲሰሙት ብዙ ይመስላል። ሥራ ማፈላለጉ፣ ቃለ መጠይቁ፣ ውሉ፣ ጠበቃው፣ የወረቀቱ ጣጣ ሁሉ እዚያ ውስጥ ሲገባ ግን ምንም አይደለም። እኛ በ47ኛው ቀን ነው የተረፍነው። ደመወዙ ያነሰ፣ ከተማው ሌላ፣ ለልጆቹ ደግሞ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስተኛ ትምህርት ቤት።

እና እባካችሁ፣ ስንት ይከፈለኛል ከማለታችሁ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ሥራው ቢቋረጥ ስንት ቀን አለኝ? አሠሪ መቀየር እችላለሁ? መልሱን ከቀጣሪው አፍ አትውሰዱ። እሱ ክፉ ስለሆነ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ አያውቀውም። ከአገሩ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት የራሱ ገጽ ላይ አንብቡት፣ ቀኑንም እዩ፣ ሕጉ ይቀየራላ። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 11 ቀን 2024 ጀምሮ ለእንክብካቤ ሥራ አዲስ የሚያመለክቱ ሠራተኞች የትዳር ጓደኛና ልጆች ይዘው እንዳይገቡ ከለከለች። እኔ ቀድሜ ልግባና ቤተሰቤን ቀስ ብዬ አመጣለሁ ብሎ ሲያቅድ የነበረ ሰው በአንድ ቀን ዕቅዱ ከንቱ ሆነበት ማለት ነው።

አሁን ወደማልወደው ቃል ልምጣ። «ጥገኛ»። ቪዛው ላይ ባለቤቴ የተጠራችው በዚህ ስም ነው። የ9 ዓመት ልምድ ያላት ፋርማሲስት ናት፤ እኛ ቤት መጀመሪያ ደመወዝ ያመጣችውም እሷ ናት። አንድ ማኅተም ተመታና ጥገኛ ሆነች። ቃሉ በአማርኛ ሌላ ምን ላይ እንደሚቀጠል ታውቃላችሁ፣ እኔ አልጨምርበትም።

በዚህ ጉዳይ አገር ከአገር በጣም ይለያያል። ጀርመን የአውሮፓ ብሉ ካርድ፣ ማለትም ለተማሩ የውጭ ባለሙያዎች የሚሰጥ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ ያለው ሰው የትዳር ጓደኛ ወዲያው መሥራት ይፈቀድለታል። አሜሪካ ላይ የኤች ዋን ቢ ባለቪዛ የትዳር ጓደኛ እስከ እ.ኤ.አ. 2015 ድረስ በዚያ ፈቃድ ጨርሶ መሥራት አይችልም ነበር፤ ከዚያ ወዲህም የተፈቀደው ባል ወይም ሚስት የግሪን ካርዱን ሂደት የተወሰነ ደረጃ ላደረሱለት ብቻ ነው። የመሥራት መብት ቢኖርም ደግሞ ሙያው አለ። ሐኪም፣ ነርስ፣ ፋርማሲስት፣ ጠበቃ ከሆናችሁ የሙያ ፈቃዳችሁ ድንበር ስትሻገሩ አብሯችሁ አይሻገርም። ፈተና አለ፣ የቋንቋ መመዘኛ አለ፣ አንዳንዴ በክትትል ሥር የሚሠራ ልምምድ አለ፣ ዓመታት ይበላል። እና ያ ወረቀት ላይ የከበባችሁት ልዩነት የሁለት ሰው ደመወዝ በሁለት ሰው ደመወዝ ነው ወይስ የሁለት ሰው በአንድ ሰው? የእኔ የሁለት በአንድ ነበር። አላየሁትም። ባለቤቴ አይታው ነበር፣ ደስታዬን ላለማደብዘዝ ብላ ዝም አለች። ይህን የነገረችኝ ከአራት ዓመት በኋላ ነው።

ልጆች። «ልጅ ቶሎ ይለምዳል» የሚለውን ስንቴ ሰምታችኋል? ግማሹ እውነት ነው። የቋንቋ ትምህርት ተመራማሪው ጂም ከሚንስ ያሳየው ነገር አለ፦ ልጅ በአዲስ ቋንቋ መጫወትና ማውራት በሁለት ዓመት ገደማ ይችላል፣ የመማሪያውን ቋንቋ ግን፣ ማለትም የታሪክ መጽሐፍ አንብቦ መከራከር የሚያስችለውን ማለቴ ነው፣ እኩዮቹ ደረጃ ለመድረስ ከ5 እስከ 7 ዓመት ይፈጅበታል። አስቡት። የ6 ዓመት ልጅ ይዛችሁ ብትሄዱ ጊዜ አለው። የ14 ዓመት ልጅ ግን ሁለተኛ ደረጃን የሚጨርስበት ፈተና የሚመጣው ቋንቋው ሳይሞላለት ነው። ከውጭ ሲያዩት አፉን ፈቷል፣ ይቀልዳል፣ ጓደኛ አለው፤ አስተማሪውም እናንተም ደህና ነው ትላላችሁ፤ ውጤቱ ሲመጣ ሰነፍ ይባላል። የእኔ ትልቁ ልጅ ስንሄድ 13 ዓመቱ ነበር። ሰነፍ ብየዋለሁ። አንዴ አይደለም።

የዕድሜ ነገር ሕጉም ላይ አለ። ልጅ በወላጅ ፈቃድ የሚቆየው እስከተወሰነ ዕድሜ ነው፣ አሜሪካ ላይ 21። ቋሚ መኖሪያው እስከዚያ ካልደረሰ ልጁ ሌላ ቪዛ ለራሱ መፈለግ አለበት። ስለዚህ የልጆቻችሁን ዕድሜ ጻፉና ቋሚ መኖሪያ ለማግኘት የሚፈጀውን ዓመት ደምሩበት።

ቀጥሎ የምናገረው ለጥንዶች ደስ አይልም፣ ግን የሚነግራችሁ ሰው ያለ አይመስለኝም። ትዳር በሰው አገር ቢፈርስስ? እ.ኤ.አ. የ1980ው የሔግ ስምምነት የሚባል አለ፣ ልጆች በአንድ ወላጅ ከአገር አገር እንዳይወሰዱ የተደረገ። ብዙ አገሮች ፈርመውታል። በስምምነቱ ዓይን ዋናው ነገር ልጁ በመደበኛነት የሚኖርበት አገር ነው እንጂ የተወለደበት ወይም ፓስፖርቱ አይደለም። ሁለቱም አገሮች በስምምነቱ ከተሳሰሩ፣ አንዷ እናት ተጣልታ ያለ አባትየው ፈቃድ ልጆቿን ይዛ ወደ ወላጆቿ ብትመለስ ፍርድ ቤት ልጆቹ እንዲመለሱ ሊያዝ ይችላል። እንግዲህ ሥራ የሌላት፣ ፈቃዷ በባሏ ላይ የታሰረ፣ ዘመድ የሌላት ሴት ናት እዚያ የምትከራከረው። ሲሄዱ «ካልሆነ እመለሳለሁ» ማለት ቀላል ነው። ልጆቹ እዚያ ከለመዱ በኋላ ግን መመለሱ የሁለት ሰው ስምምነት ይጠይቃል። ዛሬ በፍቅር ላይ ሳላችሁ ተነጋገሩበት፤ ቢቻል የቤተሰብ ሕግ ጠበቃ አማክሩ።

አትሂዱ እያልኩ አይደለም። መቅረትም የራሱ አደጋ አለው፣ እሱን ለእናንተ አልነግርም፣ ባታውቁት እዚህ አትመጡም ነበር። እኛም ብዙ አግኝተንበታል፤ ትንሿ ልጄ ዛሬ ሁለት ቋንቋ እንደ ውኃ ታንቆረቁራለች።

ዛሬ ብሆን ግን እንዲህ አደርግ ነበር። የሙከራ ጊዜው እስኪያልቅ ብቻዬን እሄዳለሁ። በዚያ ጊዜ አሠሪው በአጭር ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብተኝ ይችላል፤ ልጆቼን ከትምህርት ቤት አስወጥቼ፣ የባለቤቴን ሥራ አስለቅቄ በሙከራ ላይ አልቆምም። መለያየቱ ግን ገደብ ይኑረው። ለእኔ ከዓመት በላይ የሚሄድ ከሆነ የተሰደደው ቤተሰቡ ሳይሆን ትዳሩ ነው። ከመሄዳችን በፊት ደግሞ የስድስት ወር ወጪ አስቀምጥ ነበር፤ የምንሄድበት አገር ወጪ ተሰልቶ ማለቴ ነው፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ላይ የአራት ሰው የመመለሻ ትኬት። ያንን ገንዘብ ማንም አይነካውም። ባለቤቴን ደግሞ «ምን ይመስልሻል?» አልላትም። እንዲህ ከተባለች ጥሩ ነው ትለኛለች። የምትፈራውን ለብቻዋ እንድትጽፍ፣ እኔም ለብቻዬ እንድጽፍ፣ ከዚያ ወረቀት እንድንለዋወጥ አደርግ ነበር።

አንድ ነገር ረሳሁ። ስንሰናበት ለዘመድ አዝማድ «ለዘለቄታው ነው የምንሄደው» ብለን ነበር። ያቺ ቃል ብቻ ከመመለስ ሁለት ዓመት አዘግይታናለች፣ በይሉኝታ። «ለሦስት ዓመት ነው፣ ከዚያ እናየዋለን» በሉ፤ ብትቆዩ ማንም አይጠይቃችሁም።

ጥያቄ እቀበላለሁ። ስለ ደመወዝ ድርድር የሚጠይቅ ካለ ግን ባለቤቴ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ወደ እሷ ሂዱ፤ እኔ ያኔ የሰጡኝን ሳላነብ ነው የፈረምኩት።