«አትንኩ» የሚለው ጽሑፍ ይነሳ

ውድ የኬጂዎች ማኅበራችን አባላት፣ መምህራንና ወላጆች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ረጅም ንግግር እንደማትወዱ አውቃለሁ፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ።

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙ ኬጂ ስትገቡ በሩ አጠገብ የሚያምር አትክልት አለ። ጽጌረዳ፣ ዙሪያውን ነጭ የተቀባ ድንጋይ፣ አንዳንዴም «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ። የሚያጠጣው ጥበቃው ነው፣ የሚኮተኩተውም ጥበቃው። ልጆቹ ገና ፊደል ሳይለዩ እዚያ መጠጋት እንደማይፈቀድ ለይተው ያውቃሉ። ይሄ ለእንግዳ የተሠራ ነው እንጂ ለልጅ አይደለም። ከግቢያችን ቁራሽ መሬት እንልቀቅላቸው። ይቆፍሩት፣ ሲያሻቸውም ያበላሹት።

አዲስ ነገር እያመጣሁ አይደለም። የኬጂ ጀማሪ የሚባለው ፍሪድሪክ ፍሮበል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1837 ጀርመን ውስጥ ሥራውን የጀመረበት የሕፃናት መዋያ ሲያድግ፣ ለየልጁ የራሱ ትንሽ መደብ፣ ለሁሉም ደግሞ የጋራ መደብ ነበረው። እኛ ጋ የደረሰው ግን ወንበሩና ጥቁር ሰሌዳው ነው።

በቆስጣ ጀምሩ። ቶሎ ይደርሳል፣ የዳር የዳሩን ቅጠል ስትቀነጥሱት ከመሀል መልሶ ያወጣል፤ ለሁሉም ይዳረሳል። ባቄላም ጥሩ ነው፣ ግን የአራት ዓመት ልጅ ባቄላ ዘርቶ የመጠበቅ ትዕግስት የለውም። በማግስቱ ቆፍሮ ያወጣታል። አትቆጡት! ማየት የፈለገው ከሥር የሚሆነውን ነው። ሃይላንድ ቆርጣችሁ እርጥብ ጥጥ ክተቱበት፣ ባቄላዋን በጥጡና በፕላስቲኩ መሀል አስቀምጡለት። መጀመሪያ ሥሯ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከዚያ ቡቃያዋ ሽቅብ ስትወጣ ራሱ ያያል። በየጠዋቱ በክር ይለካት፣ ክሮቹን ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ይለጥፋቸው፣ «ዛሬ ረዘመች» ይበል። ቁጥር 5ን አንድ ገጽ ሙሉ ከማስገልበጥ ይሄ መቶ እጥፍ ይሻላል።

ዝናብ አትጠብቁ። ትምህርት ሲከፈት ክረምቱ ሊወጣ ነው፣ ከዚያ በኋላ ውሃው የሚመጣው በልጆቹ እጅ ነው። እሰየው! ትንሽዬ ጀሪካን ተሸክሞ ከቧንቧው እስከ መደቡ መመላለስ ራሱን የቻለ ስፖርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ባወጣው መመሪያ፣ የ3 እና የ4 ዓመት ልጅ በቀን ቢያንስ 180 ደቂቃ መንቀሳቀስ አለበት፤ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 60ው ከመካከለኛ እስከ ጠንከር ያለ ይሁን ይላል። የኛ ልጅ ሰርቪስ ላይ ተቀምጦ መጥቶ፣ ክፍል ተቀምጦ ውሎ፣ ቤት ሲገባ ስልክ ይዞ ይቀመጣል። ግቢው ላይ በኖራ ሰኞ ማክሰኞ ለማስመር ስንት ብር ይፈጃል? አኩኩሉስ? ቅልሞሽም አትናቁ፤ ጠጠር የሚቀልበው ጣት ነገ እርሳስ የሚይዘው ያው ጣት ነው።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጆቹን ከመልቀቃችሁ በፊት አጥሩን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ጉሎና አስተናግር ካለ ከነሥሩ ይነቀል። የሁለቱም ፍሬ መርዝ ነው፣ ልጅ ደግሞ ያገኘውን ወደ አፉ ነው። ከጨዋታ በኋላ እጅ በሳሙና፤ ይሄን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

ወላጆች፣ ይሄ ደግሞ ለእናንተ ነው። ጭቃ ይታጠባል። ዩኒፎርሙ ካሳሰባችሁ አሮጌ ቲሸርት ላኩለት። «ዛሬ ምን ጻፍክ?» እያላችሁ ማታ ማታ ደብተር ስታገላብጡ፣ መምህሯ ጠዋት ከአትክልቱ ይልቅ ግልበጣውን ትመርጣለች። በእሷ አትፍረዱ፣ የምትፈራው እናንተን ነው።

የሒሳብ ሪፖርቱ ከሻይ በኋላ ይቀርባል። ከዚያ በፊት ግን እያንዳንዱ አባል ኬጂ ስንት ካሬ ለልጆች እንደሚለቅ እዚሁ ይንገረን፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ሁለት ካሬ ብቻ ያለው ሁለት ይበል። ግቢው ሙሉ ሲሚንቶ የሆነበት በጆንያና በአሮጌ ጎማ ይጀምር። ጉባኤው ተከፍቷል፤ ከፊት ወንበር እንጀምር።