ቁጥሩን ጻፉት

ክቡራን አባቶችና እናቶች፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ የዛሬዎቹ ተመራቂዎች፤ እንኳን ደስ ያላችሁ!

ደብረ ማርቆስ ላይ፣ ቅኔ አዋቂ በተቀመጠበት አዳራሽ ስለ ሲቲ ስካን ለማውራት መቆም ድፍረት ነው። የታዘዝኩት አጠቃላይ ምክር እንድሰጥ ነበር፤ የመጣሁት ግን በአንዲት ቁጥር ጉዳይ ነው።

ከበቸና በኩል አንዲት እናት መጡ። ደም ግፊታቸው በመድኃኒት አልወርድ ብሏል፣ ፊታቸው አብጦ ክብ ሆኗል፣ አገጫቸው ላይ ጸጉር በቅሏል። የሲቲ ስካን ምስላቸው ያለበትን ሲዲ በነጠላ ጠቅልለው፣ ነጠላውን ፌስታል ውስጥ ከተው፣ «ልጄ፣ እንዳይሰበር ጭኔ ላይ አድርጌ ነው ያመጣሁት» አሉኝ። ሪፖርቱ አንድ መስመር ነው፦ «ከግራ ኩላሊት በላይ እብጠት ታይቷል።» አለቀ! እስቲ በቸና ገበያ «ጤፍ አለ» ብላችሁ ሽጡ። ማኛ ነው ሰርገኛ? ስንት ኩንታል? ብሎ የማይጠይቃችሁ ማን ነው?

ምስሉን ከፍቼ ለካሁት። ስፋቱ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ያለ ኮንትራስት፣ ማለትም ያለ ምስል ማድመቂያ መድኃኒት፣ የተለካው እፍጋት 34 ሀውንስፊልድ፤ ሀውንስፊልድ በሲቲ ስካን የእፍጋት መለኪያ ነው። ወጥ ሆኖ 10 ወይም ከዚያ በታች ቢሆን፣ ስብ ያዘለ ነው፣ ካንሰር አይደለም ብዬ ባረጋጋኋቸው። ከ4 ሴንቲ ሜትርና ከ20 ሀውንስፊልድ ሲያልፍ ግን ጥርጣሬው ይከብዳል።

ይባስ ብሎ፣ ከሁለት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ ሲቲ ስካን ተነሥተው ነበር። ያ ምስል የለም፤ ኮምፒውተሩ ሲሞላ ተሰርዟል። እጢው ያኔ 2 ሴንቲ ሜትር ይሁን 6 በምን እንወቅ? የሰው ሕይወት ማስረጃ፣ ቦታ ጠበበ ተብሎ የሚጠረገው በየትኛው ሕግ ነው?

«ብርቅ በሽታ ነው» አትበሉኝ። የአድሬናል ኮርቴክስ ካንሰር፣ ማለትም ከኩላሊት በላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ አካል ውጫዊ ክፍል ካንሰር፣ በዓመት ከሚሊዮን ሰው አንድ ወይም ሁለት ቢይዝ ነው፤ እውነት ነው። ለሌላ ሕመም ሆድ ሲነሣ ድንገት የሚገኘው እብጠት ግን ብርቅ አይደለም፤ አብዛኛውም ካንሰር አይደለም። ታዲያ በምን ትለዩታላችሁ፣ በግምት?

ናሙና ለመውሰድ መርፌ አትቸኩሉ። እብጠቱ ፊዮክሮሞሳይቶማ፣ ማለትም አድሬናሊን መሰል ሆርሞን የሚያመነጭ እጢ፣ ከሆነ ግፊቱን አስፈንጥሮ ሊገድል ይችላል፤ ይህን በደም ወይም በሽንት የሚለየው የሜታኔፍሪን ምርመራ ይቅደም። ካንሰሩ በቀዶ ሕክምና ከወጣም በኋላ ለመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 ወሩ ደረትና ሆድ ይነሣል። ስለ ኤምአርአይና ስለ ፔት ስካን የጻፍኩት ሌላ ገጽ ነበረኝ፤ ምሳ ስለቀረበ ልዝለለው።

የእኚያ እናት እጢ ወጥቷል። ለክትትል ሲመለሱ ሁለት ሲዲ ይዘው መጡ። «እማማ፣ ምነው ሁለት?» ብላቸው፣ «አንዱን እናንተ ስትጥሉት» አሉኝ።

አመሰግናለሁ።