ኪሪባስ፦ ከመስጠሟ በፊት የሚጠማት አገር

ካርታ ክፈቱ። በሃዋይና በአውስትራሊያ መካከል፣ ፓስፊክ መሃል ላይ ጣታችሁን አስቀምጡ። ሰማያዊ ብቻ ነው አይደል? አሁን አጉሉት። ትንሽ ጨምሩ። አሁንም ጨምሩ። እነዚያ ብናኝ የሚመስሉ ነጠብጣቦች አገር ናቸው፤ ፓርላማ፣ ፕሬዚዳንት እና ከ120 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላት አገር።

ሲጻፍ ኪሪባቲ ነው፣ ሲነበብ ኪሪባስ። በላቲን ሲጽፉ «ስ»ን ለብቻው የሚወክል ፊደል የላቸውም፣ «ቲ» ብለው ይጽፉና «ስ» ይሉታል። ስሙ ራሱ «ጊልበርትስ» የሚለው ቃል በአፋቸው ዞሮ ዞሮ የሆነው ነው። ጊልበርት 1788 ላይ በዚያ ያለፈ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ ነበር። ኪሪቲማቲ የሚባለው ደሴትም በዚሁ መንገድ ሲነበብ ክሪስማስ ነው። ዋናው ወደብ ያለበት ሰፈር ደግሞ ቤቲዮ ተብሎ ይጻፍና ቤሶ ይባላል። አዎ፣ በሶ ለመሆን ምንም አልቀረውም።

33 ደሴቶች ናቸው። የብሱ ሁሉ ተደምሮ 811 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባን አንድ ተኩል ጊዜ ቢሆን ነው። ባሕራቸው ግን 3.5 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከሕንድ የሚሰፋ። ዋና ከተማው ካለበት ከታራዋ ተነስቶ ክሪስማስ ደሴት ለመድረስ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለ፤ ያውም ከአገር ሳይወጡ።

ይሄ ርቀት ጣጣ ነበረው። የቀን መስመር የሚባለው አገሩን መሃል ለመሃል ይቆርጠው ነበር። ምዕራብ ሰኞ ሲሆን ምሥራቅ ገና እሑድ። ሁለቱም ወገን ቢሮ የሚገባበት ቀን በሳምንት አራት ብቻ ነበር። 1995 ሲገባ «በቃ» አሉና መስመሩን ወደ ምሥራቅ አጠፉት። ለዚህ ነው መስመሩ እዚያ ጋ ድንገት የሚጎብጠው። ዛሬ ክሪስማስ ደሴት የፈረንጆች አዲስ ዓመት እኩለ ሌሊት ላይ ሲገባ አዲስ አበባ ገና የዋዜማው ከቀኑ 7 ሰዓት ነው፤ ምሳ ላይ ናችሁ። ሃዋይ ደግሞ ሰዓቱ አንድ ነው፣ ቀኑ ግን አንድ ቀን ወደኋላ።

እሺ፣ መሬቱ ከየት መጣ? መጀመሪያ እሳተ ገሞራ ከባሕር ወለል ተነስቶ ብቅ ይላል። ዳር ዳሩን ኮራል ይከበዋል። ኮራል ማለት ኖራ እያመነጩ ቤት የሚሠሩ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ናቸው፣ ብርሃን ስለሚፈልጉ ከውሃው አናት ብዙ አይርቁም። ከዚያ ተራራው ይበርዳል፣ ይከብዳል፣ በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ቀስ እያለ ይሰምጣል። ኮራሉ ግን አልሰምጥም ብሎ ወደ ላይ ይገነባል። በመጨረሻ ተራራው ጠፍቶ ቀለበቱ ብቻ ይቀራል። ዙሪያው ማዕበል የሚመታው ጠባብ አሸዋ፣ መሃሉ ጸጥ ያለ ውስጠ ባሕር። አቶል የሚባለው ይሄ ነው።

ይህን 1842 ላይ ያሳተመው ዳርዊን ነው፤ አዎ፣ ያው ዳርዊን። ያኔ መሰርሰሪያ የለ፣ ምን የለ። አሜሪካኖች 1952 ላይ ጎረቤት ማርሻል ደሴቶች ውስጥ ሲሰረስሩ ከ1,200 ሜትር በላይ ኖራ ድንጋይ አልፈው የእሳተ ገሞራ አለት ነኩ። ሰውዬው ልክ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። እዚህ ወንዝ የለም። ምንጭም የለም። ታዲያ ምን ይጠጣሉ? ዝናቡ በአሸዋው ሰርጎ ሲወርድ ከታች የባሕር ውሃ ያገኛል፤ ጣፋጩ ውሃ ከጨዋማው ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፣ ወጥ ላይ እንደ ተኛ ዘይት በሉት፣ ልዩነቱ እነዚህኞቹ ጠርዛቸው ላይ መቀላቀላቸው ነው። ቅርጹ ምስር ይመስላል፣ መሃሉ ወፍራም ዳሩ ስስ። ደሴቱ ሲጠብ ምስሩም ይሳሳል። በብዛት ከቀዳችሁለት ጨዋማው ከሥር ይነሳል። ላ ኒኛ የሚባለው የአየር ሁኔታ ሲመጣ ደግሞ ዝናቡ ወራት ይጠፋል።

ባባይ የሚባለውን ተክላቸውን ብታዩ ነገሩ ይገባችኋል። ባባይ የጎደሬ ዘመድ ነው፣ ግን ግዙፍ፣ ቅጠሉ ሰው ይሸፍናል። አሸዋ ላይ አይበቅልም። ስለዚህ ያ ጣፋጭ ውሃ እስኪገኝ ድረስ ሰፊ ጉድጓድ ይቆፍራሉ፣ ተክሉን እጭቃው ውስጥ ያቆሙታል፣ ዙሪያውን ታች የሌለው ቅርጫት ይሠሩለትና ቅጠልና አፈር እየጠቀጠቁ ይመግቡታል። ለወራት አይደለም፣ ለዓመታት። የትኛው ቅጠል፣ መቼ፣ በምን ልክ የሚለው የቤተሰብ ምስጢር ነው፣ ለጎረቤት አይነገርም። ለሠርግ ወይም ለትልቅ ድግስ ይነቀላል። እና አንድ ቀን ትልቅ ማዕበል ዳርቻውን ዘልሎ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። አለቀ። ጨዉ እስኪታጠብ ዓመታት ሊወስድ ይችላል።

እንግዲህ «እየሰመጠች ያለችው አገር» የሚባለው ዜና የሚያናድደኝ ለዚህ ነው። ሁልጊዜ ያው ፎቶ፣ ውሃ ውስጥ የቆመ ሰው። ባሕሩ ከፍ እያለ ነው፣ ያ አያከራክርም፣ አብዛኛው መሬትም ከባሕር ጠለል ሁለት ሦስት ሜትር ቢበልጥ ነው። ግን አቶል እንደ ጀልባ ቀጥ ብሎ አይሰምጥም። ዌብና ኬንች የተባሉ ተመራማሪዎች 2010 ላይ በማዕከላዊ ፓስፊክ 27 ደሴቶችን ከድሮ የአየር ፎቶ ጋር አስተያዩ፤ አብዛኞቹ ወይ ባሉበት ነበሩ ወይ ሰፍተው ነበር፣ ማዕበሉ የተሰባበረ ኮራል እያመጣ ስለሚከምርባቸው። ይሄ ማለት ችግር የለም ማለት አይደለም። መሬቱ ካርታ ላይ እንዳለ ሆኖ ጉድጓዱ ጨው ከሆነ ሰው አይኖርበትም።

በዚህ ሁሉ የሰው እጅም አለበት። የአገሩ ሕዝብ ከግማሽ በላይ ደቡብ ታራዋ በሚባል ቀጭን መሬት ላይ ተፋፍጓል፣ የውሃ ጉድጓዱና ሽንት ቤቱ ጎን ለጎን። ደሴቶቹን በመኪና ለማገናኘት ውሃው ላይ ድልድይ መንገድ ሲደለድሉ የአሸዋው ጉዞ ተቋረጠ፤ ቢከማን የምትባል ትንሽ ደሴት የጠፋችው ባሕሩ ከፍ ስላለ ሳይሆን በዚሁ ምክንያት ነው ይባላል።

ገንዘቡስ ከየት ነው? ከቱና ዓሣ። እነሱ ራሳቸው አያጠምዱትም ማለት ይቻላል። ለውጭ መርከቦች የማጥመጃ ቀን ይሸጣሉ፤ የመንግሥት ገቢ በአብዛኛው ዓመት ከግማሽ በላይ ከዚህ ይመጣል።

በዚያው ገንዘብ ጉዳይ፣ ፕሬዚዳንት አኖቴ ቶንግ 2014 ላይ ፊጂ ውስጥ 20 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ መሬት አስገዙ። ዓለም «አገር ሊሰደድ ነው» ብሎ ጮኸ። ግን መሰደዱ አዲስ አይደለም። ባናባ የምትባለው ደሴት ከሁሉም የተለየች ናት፣ ከባሕር ወደ 80 ሜትር ትነሳለች፣ ስለ መስጠም የሚያስጨንቃት የለም። እሷንም የቀጣት ውሃ ነው። ጥንት ውሃ የሚቀዳው ከመሬት ሥር ካሉ ዋሻዎች ነበር፣ የሚገቡትም ሴቶች ብቻ ነበሩ። ከ1900 እስከ 1979 ፎስፌት የተባለው የማዳበሪያ ማዕድን ሲቆፈርባት መሬቷ ተላጠ፣ ዋሻዎቹም ተበላሹ። ሕዝቧን እንግሊዞች 1945 ላይ ፊጂ ውስጥ ራቢ ወደምትባል ደሴት ወሰዱት። ልጆቻቸው የፊጂ ዜጎች ሆነዋል። ታራዋ ያለው ፓርላማ ውስጥ ግን የራቢ ሰዎች የሚልኩት አንድ ወንበር አሁንም አለ።